የአያ አሊጋዝ ጥላ

አንድ የውኃ አባት ነበረ። ስሙ አሊጋዝ ነው፤ አገሩ ግን አያ አሊጋዝ እያለ ይጠራዋል። «ደግ ሰው ከተሾመልን ሕጉ ምን ያደርግልናል?» ብለሽ ክፍል ውስጥ ለጠየቅሽኝ፣ እኔ መምህርሽ ከመጽሐፍ የምጠቅስልሽ አላጣም፤ ነገር ግን የመጽሐፉን ለፈተና ታጠኚውና ትረሺዋለሽ። ስለዚህ የእሱን ልንገርሽ። ጓደኞችሽም ይስሙ።

የውኃ አባት ማለት በመስኖ በሚታረስ አገር ውኃውን ለገበሬው የሚያከፋፍል ሰው ነው። የእነ አያ አሊጋዝ አገር ቆላ ነው፤ ዝናቡ መጣ ሲሉት የሚቀርበት፣ አንድ ወንዝ ብቻ ያለው። ከወንዙ የተጠለፈ አንድ ቦይ ሦስት እርሻ ያጠጣል፤ የላዩን፣ የመካከሉንና የታችኛውን። ጠዋት ውኃው የላዮቹ ነው፤ ቀትር የመካከሎቹ፤ ከሰዓት በኋላ የታችኞቹ። ፀሐይ ስትገባ ቦዩ ይዘጋና ውኃው ከብት ወደሚጠጣበት ኩሬ ይሄዳል። የቀትሩ ተራ ከሌሎቹ ይረዝማል፤ የቀትር ውኃ ግማሹ ለፀሐይ ነው ብለው የቀድሞ ሰዎች አስበውበት ነው።

ተራው የሚለወጠው በድንጋይ ነበር። ከቦዩ ራስ በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ የሰው ቁመት የሚያህል ድንጋይ ቆሟል፤ ዙሪያውን በክብ ጠጠር ተደርድሮበታል። ጠዋት የድንጋዩ ጥላ እያጠረ እያጠረ መጥቶ ጫፉ ከክቡ ውስጥ ሲገባ የላዮቹ ተራ ያበቃል። ከሰዓት በኋላ ጥላው እየረዘመ ሄዶ ከክቡ ሲወጣ የመካከሎቹ ተራ ያበቃል። ከየእርሻው አንድ አንድ ምስክር እዚያ ተቀምጦ ያያል፤ ሲደርስ ይጣራል፤ ታች ያሉት ቦዩን ይቀይራሉ። ከዚህም ጋር አንድ ደንብ ነበራቸው። የሌላውን ውኃ ያለጊዜው ያስቀረ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሦስት ተራ ውኃ አያገኝም።

አያ አሊጋዝ የተሾመው በጎልማሳነቱ ነው። ቁመቱ ቀጥ ያለ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነበር። የገዛ ወንድሙን ልጅ ቦይ ሲቆርጥ ይዞ ሦስቱን ተራ ያስቀረበት እሱ ነው። ቤቱ ድረስ የመጣለትን ማር ከነቅሉ የመለሰ እሱ ነው። አንድ ቀን ድንጋዩ አጠገብ ቆሞ፣ ጥላው ከክቡ ሲወጣ የራሱን ጥላ በጫማው ለካ፤ ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ ረገጠና ልክ ሰባት ጫማ ሆነ። በማግሥቱ ለካ፤ ሰባት። በወሩ ለካ፤ ሰባት። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የአገራችን ሰው ሰዓት ሳይኖረው የጾም መፍቻውን በዚሁ ሲለካ ኖሯል። እንግዲህ አያ አሊጋዝ ማሳው ውስጥም ሆኖ፣ መንገድ ላይም ሆኖ፣ ጥላው ሰባት ጫማ ሲሞላ ከድንጋዩ ጋር እኩል መሆኑን ያውቃል ማለት ነው።

ሰዎቹ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ዳገት ወጥቶ ፀሐይ ላይ መጎለት ማን ይወዳል? መጀመሪያ የላዮቹ ምስክር ቀረ፤ ቀጥሎ የመካከሎቹ። የታችኞቹ ምስክር ጥቂት ወር ብቻውን ሲወጣ ቆየና «አያ አሊጋዝን ትጠረጥራለህ እንዴ?» ሲሉት አፍሮ ተወው። ድንጋዩ አረም በቀለበት። ይህን ያደረገ ክፉ ሰው አልነበረም። ፍቅር ነው ያደረገው፤ ትንሽ ስንፍናም ነበረበት።

ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሰው ያረጃል። የአያ አሊጋዝ ጀርባ ጎበጠ፤ እግሩ ግን ያው እግር ነው። የጎበጠ ሰው ጥላ አጭር ነው፤ አጭሩ ጥላ ሰባት ጫማ እስኪሞላ ፀሐይ ይበልጥ ማዘቅዘቅ አለባት። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ለታችኞቹ የሚለቀቀው ውኃ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ይዘገይ ጀመር። ጠዋት ደግሞ የላዮቹ ተራ ቶሎ ያበቃል። ከሁለቱም የተቀነሰው ከመካከሉ እርሻ ላይ ገባ። አያ አሊጋዝ እንደ ልማዱ ይቆማል፤ ይለካል፤ ሰባት ሲሞላ ይጣራል። አልዋሸም፤ አልሰረቀም። የሰረቀው ጀርባው ነው፤ የራሱን ጀርባ ደግሞ የሚያይ ሰው የለም።

በመካከሉ እርሻ ላይ ሸንኮራ የተከለ አንድ ሀብታም ነበር። ይህ ሰው ውኃው እንደ ድሮው ቶሎ እንደማይሄድበት ካወቀ ቆይቷል። የተጎዳ ሰው ነገሩ እስኪገባው ዓመታት ይፈጅበታል፤ የተጠቀመ ሰው ግን በሳምንቱ ያውቃል። ሀብታሙ አንድም ቀን ትንፍሽ አላለም። በየድግሱ አያ አሊጋዝን ከሁሉ አብልጦ የሚያሞግስ፣ «እንደ እሱ ያለ ዳኛ የትም አይገኝም» የሚል እሱ ነበር።

በታችኛው እርሻ፣ ከቦዩ ጭራ ላይ፣ ትጓደድ የምትባል ሴት ነበረች። ባል የላትም፤ ያላት ከእናቷ የወረሰችው ዘጠኝ መደብ ሽንኩርት ነው። ውኃው እሷ ጋ የሚደርሰው ከሁሉ በኋላ ስለሆነ፣ መዘግየቱ የሚብሰው በእሷ ላይ ነው። መጀመሪያ ዘጠነኛው መደብ ደረቀ፤ በዓመቱ ስምንተኛው፤ ዘንድሮ ሰባተኛውም መገርጣት ጀመረ። ጎረቤቶቿ የመሬቱ አፈር ደክሞ ነው አሏት። ትጓደድ ዘንድሮም እንዳለፈው ከከሰረች መሬቱን ለሌላ አራሽ ሰጥታ ከተማ ወርዳ የሰው ቤት ልትገባ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚያዝንላትም ብዙ ነበር፤ ማዘን አያስከፍልም።

ቦይ ለመጥረግ አገሩ ሁሉ በተሰበሰበበት ቀን፣ ሥራው አልቆ ሰዎቹ ከዋርካው ሥር ሲያርፉ፣ ትጓደድ ዶማዋን ተደግፋ ተነሣች።

«አያ አሊጋዝ» አለች፤ «እናቴ በነበረች ጊዜ ውኃው የሚለቀቅልን የከሰዓቱ የአሱር አዛን ከመሰማቱ በፊት ነበር። አሁን ሰጋጆቹ ሶላታቸውን ጨርሰው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ ቤታቸው ከገቡ በኋላ ነው። ወጥተን ድንጋዩን እንይ።»

ቀድሞ የመለሰላት ባለሸንኮራው ነው።

«ሙአዚኑ ቸኩሎ ይሆናላ።»

ሳቁ ከዋርካው በላይ ወጣ። ሙአዚኑ ራሱ ሳቀ። አንዱ ደግሞ ትጓደድ ከሰው ጋር ተጣልታ ስለጨረሰች ከጥላ ጋር ጀመረች አለ፤ ይባስ ተሳቀ።

አያ አሊጋዝ አልሳቀም። ሃያ ሁለት ዓመት ማንም እንዲህ ብሎት አያውቅም።

«ልጄ፣ እኔ የሰው ውኃ ወስጄ አላውቅም» አላት።

«እርስዎ ወሰዱ አላልኩም። ድንጋዩን እንይ ነው ያልኩ።»

ማንም አልተነሣም። ሽማግሌዎቹ በዓይናቸው ገሠጿት። ትጓደድ ዶማዋን ተሸክማ ወረደች።

አያ አሊጋዝ ነገሩን ይተወው ነበር፤ ግን ደግ ሰው ስለነበር አልቻለም። በሦስተኛው ቀን ወደ ታችኛው እርሻ ወረደ። ትጓደድ ትኮተኩታለች። ሁለቱን የደረቁ መደቦች አየ፤ የገረጣውንም አየ፤ እጁን አፈሩ ውስጥ ከተተው። አፈሩ ምንም አልሆነም። የጠማው ብቻ ነው።

«ከነገ ጀምሮ ትንሽ ቀደም አድርጌ አስለቅቅልሻለሁ» አላት። «ለማንም እንዳትነግሪ።»

መኮትኮቷን ሳታቆም ትንሽ ማለት ምን ያህል እንደሆነ ጠየቀችው። እንዳየሁት፣ እንደ ችግርሽ መጠን አላት። ያኔ ቀና አለች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ አሊጋዝ። ግን አልፈልግም።»

«ውኃ አልፈልግም ነው የምትይኝ?»

«ተራዬን ነው የምፈልግ። አዝነው የሰጡኝን፣ የተቆጡኝ ቀን ይወስዱታል። እርስዎ ባይወስዱት እርስዎን የሚተካው ይወስደዋል። ያኔ ሽማግሌ ፊት ቆሜ ምን ልበል? አያ አሊጋዝ አዝኖልኝ ነበር ልበል?»

አያ አሊጋዝ ተናዶ ሄደ። ደግነቱን ተቀብሎ እጁን የማይስም ሰው ገጥሞት አያውቅም ነበር። መንገድ ላይ ከራሱ ጋር ሲሟገት ድንጋዩ ትዝ አለው። እዚያው ወጥቼ ለክቼ፣ ነገ በሰው ፊት አሳፍራታለሁ ብሎ ዳገቱን ያዘ። ሦስት ጊዜ አረፈ። በጎልማሳነቱ ሳያርፍ ይወጣው እንደነበረ አሰበ፤ ከዚያ ያለፈ ግን አላሰበም።

አረሙን ነቅሎ ክቡን አጸዳ። ተቀምጦ ጠበቀ። የድንጋዩ ጥላ ጫፍ ቀስ ብሎ ወደ ጠጠሩ ቀረበ፤ ጠጠሩን ነካ፤ ከክቡ ወጣ። አያ አሊጋዝ ተነሣ። ከድንጋዩ ጎን ቆሞ የራሱ ጥላ ያረፈበትን ምልክት አደረገና ረገጠ።

አምስት ጫማ ሆነ፤ በዚያ ላይ ግማሽ።

ተሳስቻለሁ ብሎ እንደገና ለካ። አምስት ተኩል። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጀርባውን ለማቅናት ሞከረ፤ እስከቻለው ድረስ ቀና ብሎ ለካ፤ ስድስት አልሞላም። ወደ ታች ሲያይ ውኃው በሸንኮራው መካከል እያብለጨለጨ ይፈስሳል። ታች በትጓደድ መደብ ላይ አቧራ ነው። ቆሞ የራሱ ጥላ ሰባት እስኪሞላ ጠበቀ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የአሱር አዛን ተሰማ፤ ሰጋጆቹ ገቡ፤ ወጡ፤ ተበተኑ። ከዚያ በኋላ ነው ሰባት የሞላው። ለታችኞቹ ከቀረው ጊዜ ሩብ ያህሉ አልፏል።

የመጣበት ሐሳብ ምን እንደነበር ልንገርሽ፤ አንቺም ብትሆኚ ይመጣብሽ ነበር። ከነገ ጀምሮ በአምስት ተኩል እቆርጣለሁ አለ። ማንም አያውቅም፤ ማንም አያፍርም፤ ውኃው ይስተካከላል፤ ስሜም ይቀራል። ደግ ሐሳብ ነው። ሊያደርገውም ጥቂት ነበር የቀረው። ነገር ግን ለከርሞ አምስት ብቻ ቢሆንስ ብሎ አሰበ። ጀርባዬ መጉበጡን ማን ይነግረኛል? ዘንድሮ የነገረችኝ አንዲት ሴት ናት፤ እሷም ተስቆባታል፤ እኔም እዚህ የወጣሁት ላሳፍራት ነው። ይህን ሲያስብ እንደገና ተቀመጠ።

በማግሥቱ አገሩን ሁሉ ድንጋዩ ዘንድ ጠራ። ጉዳዩን አልተናገረም። ሰው በአያ አሊጋዝ ጥሪ አይቀርምና ሁሉም ወጣ፤ ባለሸንኮራውም በበቅሎ መጣ። የድንጋዩ ጥላ ከክቡ ሲወጣ አያ አሊጋዝ ከጎኑ ቆመና ትጓደድን ጠርቶ፣ የራሱን ጥላ በጫማው ልክ በተቆረጠ እንጨት እንድትለካ አዘዛት። ጎንበስ ብላ ለካች። ቁጥሩን ጮክ ብላ ተናገረች። አንድ ሁለት ሽማግሌዎችም ለኩ። ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም።

አያ አሊጋዝ ሁለት ነገር ተናገረ። ከዛሬ ጀምሮ ከየእርሻው ምስክር ወደዚህ ይወጣል፤ በእኔም ይሁን በማንም ጥላ ውኃ አይለወጥም አለ። ይህን ሁሉም ተቀበሉት። ቀጥሎ የሌላውን ውኃ ያለጊዜው ያስቀረ ሦስት ተራ ያጣል፤ እኔ አስቀርቻለሁ፤ ስለዚህ ሦስት ተራ አላጠጣም አለ።

ይህን አልተቀበሉትም። ሁሉም ባንድ ጊዜ ተናገሩ። ማሳው በላዩ እርሻ ላይ ነው፤ በቆሎው ጸጉር ያወጣበት ሰሞን ነበር፤ ያን ጊዜ፣ በዚያ ቆላ ፀሐይ፣ ሦስት ተራ ያጣ በቆሎ እንጨት ሆኖ ይቀራል። አንድ ገበሬ ተነሥቶ አያ አሊጋዝ ይህን ያደረገው ሳያውቅ ስለሆነ ደንቡ አይነካውም አለ።

«አምና በሬህ ቦዩን ሲያፈርስም ሳታውቅ ነበር» አለው አያ አሊጋዝ። «ምን አደረግሁህ?»

ገበሬው ተቀመጠ።

ባለሸንኮራው ከበቅሎው ወረደ። ድምፁ ያምር ነበር፤ ሰው የሚወደውን መናገር ያውቃል። «ሰዎች፣ እንዲህ ያለ አባት ከየት እናመጣለን? አያ አሊጋዝን የሚቀጣ ሕግ ይቅርብን!»

ብዙዎች «ይቅርብን» አሉ። ከልባቸው ነው፤ አንዳንዱ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ትጓደድ እንኳ አልቻለችም። እኔ ድንጋዩን ነው ያልኩ እንጂ ቅጣቱን አላልኩም፣ ይቅር ብያለሁ አለች።

አያ አሊጋዝ ወደ ባለሸንኮራው ዞረ።

«እኔን የማይቀጣ ሕግ ነገ አንተንም አይቀጣም። አንተን ካልቀጣ ይህች ሴት ወዴት ትሂድ?»

ከአጠገቡ ከቆመው ሰው ዶማ ተቀብሎ ቁልቁል ወረደ፤ ሰዎቹም ተከተሉት። ማሳው ጋ ሲደርስ ከቦዩ ወደ በቆሎው የሚገባውን አፍ በጭቃና በሣር ዘጋው፤ በእግሩም ጠቀጠቀው። ሊያግዘው የሞከረ ነበር፤ ከለከለው።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር አማረ ብዬ አልዋሽሽም። በቆሎው ደረቀ። አገሩ ተዋጥቶ እህል ቢሰጠውም ያ ዓመት ከበደው። የትጓደድ ሁለት መደቦች አልዳኑም፤ ሰባቱን ግን ለገበያ አደረሰች፤ ከተማም አልወረደችም። አላመሰገኗትም። ለብዙ ጊዜ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ «የአሊጋዝን ጀርባ የሰበረች» እያሉ ያንሾካሽኩባት ነበር። እሷ ግን የታችኞቹ ምስክር ሆና በየተራዋ ዳገቱን ትወጣለች።

አያ አሊጋዝ በአራተኛው ዓመት ሞተ። በእሱ ቦታ የተሾመው ሰው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ጥሩ ሰው አልነበረም። ቁጡ ነው፤ ሰላምታ አይመልስም፤ ትጓደድን በተለይ ይጠላት ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን ሊያዘገይባት አስቦ ቦዩ አፍ ላይ ቆሞ ሲያቅማማ፣ ከላይ ሦስቱ ምስክሮች ባንድነት ተጣሩ። እየተሳደበ ለቀቀው።

እየተሳደበም ቢሆን ውኃው በሰዓቱ ደረሰ።

እንግዲህ ልጄ፣ የጠየቅሽኝ ይህን ነው። ያ የቆመው ድንጋይ ሕግ ነው። ድንጋይ ደግ አይደለም፤ አያዝንልሽም፤ እንባሽን አይጠርግም። አንቺም ሕጉን ለዚህ ነው ያልወደድሽው፤ አልፈርድብሽም። የደግ ሰው ጥላ ደግሞ ደስ ይላል፤ ከሥሩ መቀመጥ ያሳርፋል። ግን ሰው ይጎብጣል። አንዱን ዕድሜ ያጎብጠዋል፤ ሌላውን ወዳጁ፣ ሌላውን ፍርሃቱ፤ አብዛኛውን ግን ጭብጨባው። ሲጎብጥ ደግሞ አይታወቀውም፤ እንደ ቀድሞው ሰባት ቆጥሮ ትክክል ነኝ ይላል። ድንጋዩንም ያቆሙት ሰዎች ናቸው፤ ያዘመመ እንደሆነ ተሰብስበው በጠራራ ፀሐይ ያቀኑታል፤ ሁሉም እያየ። የሰውን ጀርባ ግን ተሰብስበሽ አታቀኚውም።

እኔ በዕድሜዬ ብዙ ደግ ሰዎች ሲሾሙ አይቻለሁ። እንደ እነዚያ ሰዎች አልቅሼ፣ ሕጉ ይቅርብን ያልኩበትም ቀን ነበር። ከቦዩ ጭራ ላይ ማን እንደተቀመጠ ዞር ብዬ ሳላይ ነው። ስለዚህ አንቺ ደግ ሰው ስታገኚ ውደጂው፤ አክብሪው፤ ስሙንም በክፉ አታንሺ። ቁመቱን ግን ለኪው።